ድርቁ ሳይደርስ የሚከፈል ኢንሹራንስና የአቃቂ ቃሊቲ ነጋዴ

በአቃቂና በቃሊቲ የሚነግድ ሰው የዝናብን መቅረት የሚያውቀው ዘግይቶ ነው። ገበሬው በሐምሌ ወር ሰማዩን አይቶ የተረዳውን ነገር፥ ጅምላ ሻጩ የሚረዳው በጥር ወይም በየካቲት የዱቤ መዝገቡን ገልጦ ከገጠር ባለሱቆች ሳይመለስ የቀረውን ገንዘብ ሲደምር ነው። በዚያን ጊዜ የእህል ዋጋ ወጥቷል፤ የከብት ዋጋ ወርዷል፤ ቆርቆሮውና ምስማሩ፥ ሳሙናውና ጨርቁ ገዢ አጥቶ በመጋዘን ተከምሯል። የዱቄትና የዘይት ፋብሪካዎች ጥሬ ዕቃ ፍለጋ ይሯሯጣሉ፤ ወደ ገጠር ዕቃ ያደርሱ የነበሩ የጭነት መኪናዎችም ሥራ ፈትተው ይቆማሉ። የአቃቂ ሜዳ ራሱ በዚያ ዓመት ለምለም ሆኖ ቢከርም እንኳ፥ የሩቁ አገር ድርቅ ሒሳብ ወደ ቢሾፍቱ በሚወስደው መንገድ ዳር ካሉት መጋዘኖች መድረሱ አይቀርም።

የድርቅ ኢንሹራንስ ነገር በተነሣ ቁጥር ግን ብዙው ነጋዴ «ይህ የገበሬና የእርዳታ ድርጅቶች ጉዳይ ነው» ብሎ ያልፈዋል። ይህ አስተያየት ስሕተት መሆኑን ማስረዳት የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ነው። ለነጋዴው የሚጠቅመው ኢንሹራንስ ሰብል ከጠፋ በኋላ ካሳ የሚሰጠው ሳይሆን፥ ዝናቡ እንደሚያንስ የሚያመለክት ትንበያ በወጣ ጊዜ፥ ጉዳቱ ገና ሳይደርስ የሚከፍለው ነው። ይህንንም ውል ከሁሉ አስቀድሞ ሊገዛ የሚገባው ጥቂት ጥማድ መሬት ያለው ገበሬ ሳይሆን፥ ለብዙ ገበሬ ዕቃ በዱቤ የሚያደርሰው ነጋዴ ነው።

በመሠረቱ የኢንሹራንስ አሳብ ለኢትዮጵያ ሰው እንግዳ አይደለም። እድር የሚባለው ማኅበር ሌላ ነገር አይደለምና። እድር የሚወደደው የሚሰጠው ገንዘብ ብዙ ስለ ሆነ ሳይሆን ፈጥኖ ስለሚደርስ ነው፤ ድንኳኑ የሚተከለው በዕለቱ ነው እንጂ ገማች መጥቶ የሐዘኑን መጠን ከለካ በኋላ አይደለም። ነገር ግን እድር የቆመው በአንድ ሰፈር ሞት በየቤቱ በአንድ ቀን አይገባም በሚል እምነት ላይ ነው። ድርቅ ግን በአንድ ክረምት የወረዳውን በር ሁሉ ያንኳኳል። ከፋዩና ተቀባዩ በአንድ ቀን ሲቸገሩ ሣጥኑ ባዶ ይሆናል። ስለዚህ የድርቅ ኪሣራ ከወረዳ ወደ አገር፥ ከአገርም ወደ ውጭ የጠለፋ ኢንሹራንስ ኩባንያዎች መከፋፈል ይኖርበታል። የዚህ ዓይነቱ ኩባንያ ደግሞ እያንዳንዱን ማሳ ዞሮ አይገምትም፤ የሚያምነው የተለካ ዝናብን፥ ሳተላይት የሚያየውን የሣር ልምላሜ፥ ወይም የታተመ ትንበያን ነው።

በዚህ ረገድ ኢትዮጵያ ከብዙ አገሮች ቀድማ ሞክራለች። በ1998 ዓ.ም. የዓለም ምግብ ፕሮግራም አክሳ ሪ ከተባለው የፈረንሳይ የጠለፋ ኢንሹራንስ ኩባንያ ጋር ባደረገው ውል 930 ሺህ የአሜሪካ ዶላር አረቦን ተከፍሎ፥ በ26 የአየር ጠባይ ጣቢያዎች የተመዘገበው ዝናብ ከተወሰነው ልክ ቢያንስ እስከ 7 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር እንዲከፈል ስምምነት ተደርጎ ነበር። የዚያ ዓመት ዝናብ በቂ ስለ ነበረ ክፍያ አልተፈጸመም። ይህን ሰምቶ ገንዘቡ ባከነ የሚል ሰው ቢኖር፥ መጋዘኑ ሳይቃጠል የእሳት ኢንሹራንስ የከፈለ ነጋዴም ገንዘቡን አባከነ ሊል ነው።

ከዚያም በ2001 ዓ.ም. በትግራይ አዲ ሐ በተባለች ቀበሌ ኦክስፋም አሜሪካ፥ የትግራይ ረድኤት ማኅበር፥ ስዊስ ሪ፥ ንያላ ኢንሹራንስና ሌሎችም ተባብረው 200 ያህል ቤተ ሰቦች ለጤፍ ሰብላቸው ኢንሹራንስ እንዲገቡ አደረጉ። በዚህ ሥራ የሚደነቀው፥ ጥሬ ገንዘብ የሌለው ገበሬ አረቦኑን በጉልበቱ፥ ማለትም አፈርና ውሃ በሚጠብቅ የእርከንና የመሰል ሥራ እንዲከፍል መፈቀዱ ነው። ሥራው በየዓመቱ እየሰፋ ሄዶ የ2004 ዓ.ም. ክረምት ባጠረ ጊዜ ከ12 ሺህ ለሚበልጡ ገበሬዎች ከ320 ሺህ ዶላር በላይ ተከፈለ። በዚያው ዓመት ኦሮሚያ ኢንሹራንስ ኩባንያ ከዓለም አቀፉ የእንስሳት ምርምር ኢንስቲትዩት ጋር በመተባበር በቦረና የግጦሹን ልምላሜ በሳተላይት እየለካ የሚከፍል የከብት ኢንሹራንስ አቆመ።

እነዚህ ሁሉ የሚመሰገኑ ሥራዎች ናቸው። ይሁን እንጂ የትግራዩ ክፍያ ለአንድ ገበሬ ሲካፈል 26 ዶላር ገደማ ነው። ይህች ገንዘብ ሰብሉ ከጠፋ በኋላ በኅዳር ስትደርስ የዕዳ መክፈያ ትሆናለች። በግንቦት መጨረሻ ብትደርስ ኖሮ ግን ፈጥኖ የሚደርስ ዘር መግዣ በሆነች ነበር። አንድ ዓይነት ገንዘብ በሁለት ወር ሁለት ዓይነት ዋጋ አለው። ጎረቤት ኬንያም ይህን ተረድታ፥ በ2008 ዓ.ም. መንግሥቷ የጀመረው የከብት ኢንሹራንስ የሞተውን ከብት ለመተካት ሳይሆን ያለውን በሕይወት ለማቆየት እንዲከፍል አድርጋለች፤ ሣሩ መድረቅ ሲጀምር አርብቶ አደሩ መኖና ውሃ እንዲገዛ ማለት ነው። ላም ከሞተች በኋላ ሌላ ላም ለመግዛት የሚወጣው ገንዘብ፥ ያችኑ ላም ለጥቂት ወራት ከሚቀልበው መኖ ዋጋ እጅግ እንደሚበልጥ ማንም ከብት አድላቢ ያውቀዋል።

መዘግየት ምን እንደሚያስከፍል በቁጥር ለማየት የ2007 ዓ.ም. ድርቅ በቂ ምስክር ነው። በየካቲት 2007 ዓ.ም. መጨረሻ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት በፓስፊክ ውቅያኖስ ኤልኒኞ መነሣቱን አስታወቀ። በመጀመሪያ ደካማ የተባለው ይህ የባሕር ሙቀት በክረምቱ ወራት በረታ። በነሐሴ እርዳታ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር 4 ሚሊዮን ተኩል ነው ተባለ፤ በጥቅምት 2008 ዓ.ም. 8 ሚሊዮን 200 ሺህ፥ በታኅሣሥም 10 ሚሊዮን 200 ሺህ ደረሰ። ለዚህም ወደ 1 ቢሊዮን 400 ሚሊዮን ዶላር ተጠየቀ። እንግዲህ ከመጀመሪያው ምልክት እስከ መጨረሻው ቁጥር ዘጠኝ ወር ያህል አለፈ ማለት ነው። በነዚህ ወራት ውስጥ ገበሬው በሬውን በርካሽ ሸጧል፤ ለዘር ያስቀመጠውን በልቷል፤ ባለሱቁም ዱቤ መስጠት አቁሟል።

ዘጠኝ ወር ለአስመጪ ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚህ ጋዜጣ አንባቢ ማስረዳት አያስፈልግም። ስንዴ ከባሕር ማዶ ለማስመጣት ዋጋ መጠየቅ፥ ጨረታ፥ የባንክ ሰነድ፥ መርከብ መፈለግ፥ ጭነት፥ የባሕር ጉዞ፥ በጂቡቲ ማራገፍ፥ ከዚያም በባቡርና በመኪና ማጓጓዝ፥ በመጨረሻም የቃሊቲ ጉምሩክ አለ። ከነዚህ አንዱ እንኳ ቢሰናከል ወራት ይሄዳሉ። በ2008 ዓ.ም. የእርዳታ ስንዴ የጫኑ መርከቦችና ማዳበሪያ የጫኑ መርከቦች በጂቡቲ ወደብ ተገናኝተው ተራ ሲጠባበቁ እንደ ነበረ የዲመሬጅ ሒሳብ የከፈለ ሁሉ አይረሳውም። ትእዛዙ በሰኔ ተሰጥቶ ቢሆን ኖሮ ስንዴው ከማዳበሪያው ቀድሞ ባራገፈ ነበር።

ከዚህ ጋር አንድ ነገር መነገር አለበት፤ የእርዳታ ሰዎችም ብዙ ጊዜ ይዘነጉታል። ገንዘብ ብቻውን ቀድሞ ቢደርስና እህሉ ባይደርስ፥ የሚሆነው ነገር የእህል ዋጋ ቀድሞ መውጣት ብቻ ነው። አሥር ሺህ ገበሬ በአንድ ሳምንት ካሳ ተቀብሎ ወደ አንድ ገበያ ቢወጣ፥ በገበያውም ያለው ጤፍ ያው የትናንቱ ቢሆን፥ ካሳው በዋጋ ጭማሪ መልክ ጤፍ ወደ ደበቀው ሰው ኪስ ይገባል። ስለዚህ ክፍያውን የሚያስነሣው ትንበያ አስመጪውንም የሚያስነሣ ሊሆን ይገባዋል። አቃቂ ቃሊቲ በዚህ ነገር የተለየ ሥፍራ አለው። ከአዳአ፥ ከአርሲና ከባሌ የሚመጣው እህል የሚገባው በዚህ በር ነው፤ ከጂቡቲ የሚመጣውም ዕቃ የሚፈተሸው በዚሁ ነው። የአገሩን እጥረትና የውጭውን አቅርቦት በአንድ ቀን በአንድ መንገድ ላይ የሚያይ ነጋዴ ሌላ ቦታ ብዙ አይገኝም።

አሁን ወደ ውሉ ዋጋ እንሻገር ቢባል፥ ከሁሉ የሚከብደው ጥያቄ «መቼ ይሸጥ?» የሚለው ነው። በአንድ ወረዳ ድርቅ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል ተብሎ ይታሰብ። ድርቅ በመጣ ጊዜ 100 ብር የሚከፍል ውል፥ የኩባንያው ወጪና ትርፍ ሳይታሰብ፥ 20 ብር ያወጣል። ኤልኒኞ መነሣቱ ተሰምቶ የድርቁ ዕድል ከአምስት ወደ ሁለት እጅ ከፍ ቢል ግን የዚያው ውል እውነተኛ ዋጋ 40 ብር ነው። ኩባንያው እስከ ሰኔ ድረስ በ20 ብር ልሽጥ ቢል፥ ገዢው በክፉ ዓመት ይሰለፋል፤ በደግ ዓመት ግን አንድም ሰው አይመጣም። እንዲህ ያለ ኩባንያ ሁለት ክፉ ዓመት ሳይቆይ በሩን ይዘጋል። ዋጋውን እንደ ትንበያው እያወጣሁ እሸጣለሁ ቢል ደግሞ፥ ጃንጥላን ዝናብ በጀመረ ሰዓት በእጥፍ እንደ መሸጥ ይሆናል።

መፍትሔው ሽያጩን ትንበያው ሳይታወቅ መዝጋት ነው። ለዚህም ተፈጥሮ ራሷ ምቹ ቀን ሰጥታለች። የፓስፊክ ውቅያኖስን ሁኔታ የሚከታተሉ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያለው ጊዜ ሳያልፍ የሚነገር ትንበያ ደካማ ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን እየጠነከረ ይሄዳል። የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩትም የክረምቱን ትንበያ፥ ዝናቡ ከመደበኛ በላይ፥ መደበኛ፥ ወይም ከመደበኛ በታች የሚሆንበትን ዕድል በመቶኛ እየለየ የሚያወጣው በግንቦት መጨረሻ ገደማ ነው። እንግዲህ በታኅሣሥ መጨረሻ የተፈረመ ውል ሻጩንም ገዢውንም በእኩል አለማወቅ ላይ ያገናኛቸዋል፤ በግንቦት መጨረሻ የወጣው ትንበያ ደግሞ ክፍያውን ይወስናል።

እንዲህ ያለው ውል ከተራው የዝናብ ኢንሹራንስ በዋጋ ትንሽ ይበልጣል፤ ይህም መሸሸግ የለበትም። ትንበያ አንዳንድ ጊዜ ድርቅ ሳይመጣ ስለሚያስጠነቅቅ ክፍያው ይበዛል። ድርቁ በአምስት ዓመት አንድ ጊዜ፥ ማስጠንቀቂያው ግን በአራት ዓመት አንድ ጊዜ ቢሆን፥ 20 ብር የነበረው አረቦን 25 ብር ይሆናል። ጭማሪው 5 ብር የጊዜ ዋጋ ነው። ነጋዴ ጊዜን ለመግዛት ከዚህ የበለጠ ሲከፍል ይኖራል፤ ዕቃው በመርከብ እስኪደርስ መጠበቅ አቅቶት በአውሮፕላን ያስመጣ ሰው ይመስክር።

የሐሰት ማስጠንቀቂያን የሚፈሩ ሰዎችም አንድ ቀላል ሒሳብ ቢያዩ መልካም ነው። በሬን በድርቅ ወራት ለማቆየት የሚያስፈልገው መኖ 10 ሺህ ብር፥ በሬው ቢሞት የሚጠፋው 40 ሺህ ብር ነው ቢባል፥ ማስጠንቀቂያው ከአራት አንዱ እንኳ እውነት ከሆነ መኖውን መግዛት አያከስርም፤ ከአራት ሁለቱ እውነት ከሆነማ ትርፍ ነው። ድርቁ ባይመጣም የተገዛው ጭድ አይጠፋም፤ የተገዛውም ዘር ይዘራል።

የሚያስፈራው ተቃራኒው ነው። ትንበያው «መደበኛ» ብሎ ድርቅ የመጣ እንደ ሆነ፥ አረቦን የከፈለው ሰው እጁን አጣምሮ ይቀራል። መለኪያ ሁልጊዜ ከማሳው ጋር አይስማማም። በዚሁ በአዲስ አበባ እንኳ በእንጦጦ ራስ ላይ የሚወርደው ዝናብና በአቃቂ ሜዳ ላይ የሚወርደው አንድ አይደለም። የማላዊ መንግሥት የደረሰበትም ለዚህ ትምህርት ይሆናል። ማላዊ የአፍሪካ ኅብረት ካቋቋመው አፍሪካን ሪስክ ካፓሲቲ የድርቅ ኢንሹራንስ ገዝታ ሳለ፥ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2016 ከባድ ድርቅ አገኛት፤ የሒሳብ መሣሪያው ግን ክፍያ አያስፈልግም አለ። በኋላ ሲመረመር፥ መሣሪያው ገበሬው ረጅም ጊዜ የሚፈጅ በቆሎ ይዘራል ብሎ ሲያስብ፥ ገበሬው የሚዘራው ግን ፈጥኖ የሚደርሰውን ዓይነት ሆኖ ተገኘ። ስሕተቱ ታርሞ 8 ሚሊዮን 100 ሺህ ዶላር ተከፈለ፤ ነገር ግን ገንዘቡ የደረሰው ረኃቡ ከገባ ከብዙ ወራት በኋላ ነው። ፈጥኖ ለመክፈል የተፈጠረ ኢንሹራንስ ከእርዳታው ዘግይቶ ደረሰ።

ስለዚህ ክፍያው በሁለት ቢከፈል ይሻላል፤ ግማሹ ትንበያው ሲወጣ፥ ግማሹ ዝናቡ ተለክቶ ሲታወቅ። ትንበያው ቢስት ሁለተኛው ግማሽ ይደርሳል፤ ሁለቱም ቢገናኙ ሙሉ ይሆናል። የክፍያው መነሻ ልክ፥ ቁጥሩ ከየትኛው መሥሪያ ቤት እንደሚወሰድና በየትኛው ቀን እንደሚታይ ግን ለገዢው ሁሉ በአማርኛና በየወረዳው ቋንቋ ታትሞ ሊሰጥ ይገባል። የክፍያውን መነሻ በምስጢር የሚይዝ ኩባንያ ቢኖር ነጋዴው ገንዘቡን ይዞ ቢመለስ ይሻለዋል።

ለኢንሹራንስ ኩባንያዎች ደግሞ ይህች አገር አንድ መልካም ዕድል አላት፤ ብዙም አልተነገረለትም። ኤልኒኞ በሰሜኑና በመካከለኛው አገር የክረምቱን ዝናብ ሲቀንስ፥ በደቡብ ምሥራቅ ቆላ ግን የመከሩን ዝናብ ያበዛል። ላኒኛ የተባለው የባሕር መቀዝቀዝ በአንጻሩ የደቡብ ምሥራቁን ቆላ ያደርቃል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በቦረናና በሶማሌ አገር አምስት የዝናብ ወራት በተከታታይ የቀሩት በዚህ በላኒኛ ዘመን ነው። ወዲያው በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ ኤልኒኞ ሲመለስ በሰሜን ድርቅ፥ በሶማሌ ክልል ደግሞ ጎርፍ ሆነ። ስለዚህ በሰሜን የገበሬውን፥ በደቡብ ምሥራቅ የአርብቶ አደሩን ውል በአንድ መዝገብ የያዘ ኩባንያ፥ አንዱን ሲከፍል ሌላውን ብዙ ጊዜ አይከፍልም። ይህም ከውጭ የሚገዛውን የጠለፋ ኢንሹራንስ ይቀንስለታል። የአንድ ክልል ሰው ብቻ የሚያገለግል ኩባንያ ይህን ጥቅም አያገኝም፤ የሁለት ክልል ኩባንያዎች ተስማምተው ውላቸውን ቢለዋወጡ ግን ያገኙታል።

የሚቀረው ኪሣራ ወደ ውጭ ይተላለፋል። አረቦኑ በውጭ ምንዛሪ መሄዱ የማይወደድ ነገር ነው፤ ነገር ግን ድርቅ በመጣ ዓመት ካሳው የሚመለሰው በዚያው በውጭ ምንዛሪ ነው። ስንዴና መኖ ለማስመጣት ዶላር በሚፈለግበት በዚያው ወራት ማለት ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ የብር ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ አስመጪው ይህን ነገር በቀላሉ አያየውም።

የሕግ ሰዎች አንድ ተቃውሞ አላቸው፤ ተገቢም ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕግ የንብረት ኢንሹራንስን የካሳ ውል አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ካሳ ደግሞ ጉዳትን ይከተላል እንጂ አይቀድመውም። ትንበያ ወጣ ተብሎ ገና ላልደረሰ ጉዳት መክፈል ውርርድ አይሆንም ወይ? በፔሩ አገር ይህ ጥያቄ ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። በዚያ በኅዳርና በታኅሣሥ የሚለካው የባሕር ሙቀት ከተወሰነው ልክ ሲያልፍ፥ ጎርፉ ሳይመጣ በጥር የሚከፍል ውል ተዘጋጀ፤ በአውሮፓ አቆጣጠር በ2012 ለገበሬና ለትንንሽ ነጋዴ ብድር የሚሰጥ አንድ ተቋም ገዝቶታል። በዚያ ውል ኢንሹራንስ የተገባለት ነገር ጎርፉ የሚያፈርሰው ንብረት ሳይሆን፥ ለጎርፉ ለመዘጋጀት የሚወጣው ተጨማሪ ወጪና የሚቀረው ገቢ ነው። ወጪው ማስጠንቀቂያው በተሰማ ቀን ይጀምራልና ክፍያውም በዚያው ቀን ቢሆን ከካሳ ሥርዓት አይወጣም። የኢትዮጵያ ጠበቆችም ውሉን በዚህ መንገድ ቢጽፉት ነገሩ የሚፈታ ይመስላል።

በፔሩ ገዢው ገበሬው ሳይሆን አበዳሪው መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል። የአቃቂ ቃሊቲም ጅምላ ሻጭ፥ ባንክ ባይባልም፥ አበዳሪ ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ጅምላ ሻጭ በልዩ ልዩ ወረዳዎች ላሉ 40 ባለሱቆች የ2 ሚሊዮን ብር ዕቃ በዱቤ ሰጥቷል ይባል። በደግ ዓመት ከመቶ 3 እጅ፥ በድርቅ ዓመት ከመቶ 25 እጅ ሳይመለስ የሚቀር ቢሆን፥ ድርቁ ያመጣበት ተጨማሪ ኪሣራ 440 ሺህ ብር ነው። ከዚህ ግማሽ ለሚያህለው ለ200 ሺህ ብር ብቻ ኢንሹራንስ ቢገባ፥ ቀደም ሲል በተነገረው ልክ አረቦኑ የኩባንያውን ወጪ ሳይጨምር 50 ሺህ ብር፥ ማለትም ከዱቤው ከመቶ 2 ብር ተኩል ይሆናል። ነጋዴው ይህን ኪሣራ ዛሬም በዕቃው ዋጋ ላይ እየጨመረ ከገዢው ይቀበለዋል፤ ልዩነቱ ዛሬ በግምት መጨመሩ፥ ገንዘቡም በክፉው ዓመት በእጁ አለመገኘቱ ነው።

ለአንድ ገበሬ መለኪያው ከማሳው ሊለይበት ይችላል፤ አርባ ባለሱቅና በነሱ በኩል ብዙ መቶ ገበሬ ለያዘ መዝገብ ግን ስሕተቱ እየተካካሰ ይጠባል። ይህ ነው ነጋዴው ከገበሬው ይልቅ የተሻለ ገዢ ነው የሚያሰኘው። ኢንሹራንስ ኩባንያውም ከብዙ ሺህ ገበሬ ጥቂት ብር ለመሰብሰብ ወኪል ከመላክ ከአንድ ጅምላ ሻጭ ጋር ቢዋዋል ወጪው ይቀንሳል።

ግን በዚህ ቦታ አንድ ጥብቅ ማሳሰቢያ አለ። በሰኔ 200 ሺህ ብሩን የተቀበለ ነጋዴ ገንዘቡን ወደ ኪሱ ከትቶ፥ በጥር ያንኑ ዕዳ ከባለሱቁና ከገበሬው በግዴታ ቢሰበስብ፥ ከአንድ ጉዳት ሁለት ካሳ ወሰደ ማለት ነው። ውሉ ራሱ ይህን መከልከል አለበት። ክፍያው በደረሰ በጥቂት ቀን ውስጥ የድርቁ ወረዳ ባለሱቆች ዕዳ ወደሚቀጥለው መከር እንዲዛወር፥ ከገንዘቡም የተወሰነው እጅ ፈጥኖ በሚደርስ ዘርና በመኖ መልክ በዱቤ ወደ ገጠር እንዲወርድ በጽሑፍ ሊገባ ይገባል። ይህ ቸርነት ብቻ ሆኖ መታየት የለበትም፤ በሬውን ያልሸጠ ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት ያርሳል፥ ያረሰም ቆርቆሮ ይገዛል።

ሃይማኖት ያለው ሰው «የፈጣሪን ዝናብ መተንበይ ድፍረት ነው» ሲል ይሰማ ይሆናል። እህል በጎተራ የሚያከማች ሁሉ ግን ተንባይ ነው፤ የግብጽን ሰባት የጥጋብ ዓመታት ያከማቸው ዮሴፍም በድፍረት አልተነቀፈም። ይልቅ የሚያሳስበው የትንበያው ጥራት ነው። ጥራቱም የሚገኘው በጣቢያዎች ብዛትና ሳይቋረጥ በሚጻፍ መዝገብ ነው። ለአንድ ወረዳ የሠላሳ ዓመት የዝናብ መዝገብ ከሌለ ኩባንያው ስለ አለማወቁ ተጨማሪ ዋጋ ያስከፍላል። የንግዱ ማኅበር ለዝናብ መለኪያ ጣቢያ የሚያወጣው ጥቂት ገንዘብ በአረቦን ቅናሽ የሚመለስለት ነው።

ውሉ በታኅሣሥ መጨረሻ ካልተፈረመ ለሚከተለው ክረምት አይሆንም። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ጅምላ ሻጭ የዱቤ መዝገቡን በወረዳ በወረዳ ለይቶ መደመር፥ ያለፉትን አሥር ዓመታት ያልተመለሰ ዕዳም ከዓመቱ ዝናብ ጋር ማስተያየት አለበት፤ ብዙው መዝገብ በባለሱቅ ስም እንጂ በወረዳ ስላልተጻፈ ይህ ሥራ ከሁለት ወር ያላነሰ ይፈጃል። የመስቀል በዓል እንዳለፈ የንግድ ምክር ቤቱ ፈቃደኛ የሆኑትን ጅምላ ሻጮችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎቹን በአንድ ጠረጴዛ ቢያቀርብ፥ ጸሐፊዎቹም በጥቅምት መጀመሪያ መዝገቡን መለየት ቢጀምሩ፥ ለታኅሣሥ ይደርሳል።